በበርበሬው ውስጥ የቀረው ውኃ

(በበርበሬ በረንዳ ለበርበሬ ነጋዴዎች፣ ለበርበሬ ለቃሚ እናቶችና ለወፍጮ ቤት ሠራተኞች በተዘጋጀ የጤና ትምህርት ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ በቅርብ ዓመታት በጤና፣ በሥነ ሕይወት፣ በኬሚስትሪና በፕላኔቶች ጥናት የተደረሰበትን ምርምር ለሁላችንም በሚገባ ቋንቋ እንዳቀርብ ሲጠይቁኝ፣ ለአራቱ ዘርፎች አራት ምሳሌ ላዘጋጅ ተቀምጬ ነበር። ጥቂት እንደ ጻፍሁ ግን አራቱም ምሳሌዎች ወደ አንድ ቦታ እየሄዱ አስቸገሩኝ፤ ያም ቦታ ዛሬ የተሰበሰብንበት በርበሬ በረንዳ ነው። ስለዚህ የምናገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ይሆናል። እርሱም በደረቀ የበርበሬ ዛላ ውስጥ ሳይወጣ የሚቀረው ውኃ ነው።

ይህን ሰፈር አስቀድሜ ያወቅሁት በአፍንጫዬ ነው። አያቴ በርበሬ ለቃሚ ነበሩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እያስነጠስሁ ከአጠገባቸው እቀመጥ ነበር። ዛላውን አንድ በአንድ እያነሡ ጭራውን ይቀነጥሳሉ፤ ቀዩን ወደ ቀኝ፣ የነጣውንና ሲሰነጠቅ በውስጡ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ብናኝ የሚታይበትን ወደ ግራ ያደርጉታል። የግራው ክምር ማታ ተጠርጎ የሚጣል ይመስለኝ ነበር፤ ነገር ግን እርሱም ይመዘናል። በርካሽ ገዝቶ የሚያስፈጭ ሰው አይጠፋም፤ ከፊሉም ለአያቴ የቀን ሥራቸው ማሟያ ሆኖ ይሰጣቸውና ወደ ቤታችን ይገባል። አንድ ቀን «ይህ የሻገተ አይደለም ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ እሳት ያየ ነገር ሰው አይጎዳም» አሉኝ። ይህን ቃል አምኜ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። በኋላ በትምህርቴ ያገኘሁት ነገር የአያቴን ቃል የሚያፈርስ ሆነ። እርሳቸውን ልወቅስ አይደለም የመጣሁት፤ የሚያውቅ ሰው ቀርቦ አልነገራቸውምና።

አስቀድሜ ስለ በርበሬው ራሱ ጥቂት ልበል። በርበሬ ለእኛ ከጥንት ከመሠረቱ የነበረ ይመስለናል። የትውልድ አገሩ ግን አሜሪካ ነው፤ ወደ አውሮፓ፣ ወደ እስያና ወደ አፍሪካ የተሻገረው እ.ኤ.አ. ከ1492 በኋላ ነው። ያለ ዶሮ ወጥና ያለ ሽሮ የኖሩ አያቶቻችን ብዙ ትውልድ ናቸው ማለት ነው፤ ይህን ስናገር ቅር የሚላቸው ሰዎች አሉ። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ካፕሳይሲን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1876 ጆን ክላፍ ትሬሽ የተባለ እንግሊዛዊ አጥርቶ አውጥቶ ስም አወጣለት። ብዙዎቻችን ማቃጠሉ በፍሬው ውስጥ ባለው ዘር ነው ብለን እናምናለን፤ ካፕሳይሲን የሚሠራው ግን ዘሩ በተንጠለጠለበት ነጣ ያለ ሥጋ ላይ ነው። በስብ እንጂ በውኃ አይሟሟም። ስለዚህ ሚጥሚጣ የለበለበው ሰው ውኃ ቢጠጣ ቃጠሎውን በአፉ ውስጥ ያዳርሰዋል፤ ወተት ወይም እርጎ ቢጠጣ ግን ይሻለዋል።

የሚገርመው በአማርኛ «አቃጠለኝ» የምንለው ለእሳትም ለበርበሬም መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በካሊፎርኒያ የዴቪድ ጁሊየስ ቤተ ሙከራ ካፕሳይሲን የሚይዘውን በነርቭ ላይ ያለ ተቀባይ ለይቶ አገኘ፤ ይኸው ተቀባይ 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ሙቀትም የሚነቃ ሆኖ ተገኘ። አንደበታችን ስለ በርበሬ ተቃጠልሁ ሲል ነርቡ በእርግጥ የሚልከው የእሳት መልእክት ነው። ጁሊየስ በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ካፕሳይሲን ያለበት የቆዳ ልጥፍም ዛሬ ለነርቭ ሕመም መድኃኒት ሆኖ ይሰጣል።

በርበሬ የሚያቃጥለው ለምንድን ነው? ተክሉ ስለ ወጣችን አላሰበም። እ.ኤ.አ. በ2008 በጆሹዋ ቴውክስበሪ የሚመራ ቡድን በቦሊቪያ የዱር በርበሬ ላይ ያደረገውን ጥናት አሳተመ። በዚያ አገር በአንዱ ዝርያ ውስጥ የሚያቃጥልም የማያቃጥልም ተክል ጎን ለጎን ይበቅላል። ትናንሽ ነፍሳት ፍሬውን ሲወጉት ሻጋታ ይገባበታል፤ ሻጋታውም ዘሩን ይበላል። ካፕሳይሲን ያለው ፍሬ ሻጋታውን ሲቋቋመው ታየ፤ ነፍሳቱ በበዙበት አካባቢም የሚያቃጥለው ተክል በዝቶ ተገኘ። ወፎች ግን ቃጠሎው አይሰማቸውም፤ ፍሬውን በልተው ዘሩን ይዘሩታል። እንግዲህ በየቤታችን የምናሞግሰው ቃጠሎ ዋነኛ ሥራው ሻጋታን መከላከል ነበር።

ይህ ጋሻ የተሠራው በተክሉ ላይ ላለ ሕያው ፍሬ ነው። ተለቅሞ መሬት ላይ ለተሰጣ፣ ዝናብ ለነካው፣ ጤዛ ላደረበት፣ ሳይደርቅ በጆንያ ለታፈነ ዛላ አይበቃም። የነፍሳትን ጉዳት የሚቋቋም ተክል የእኛን ጥድፊያ የሚቋቋምበት መንገድ አልተሰጠውም።

እዚህ ላይ የሚገባው ሻጋታ አስፐርጂለስ ፍላቩስ ይባላል። አስፐርጂለስ የሚለው ስም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1729 ነው፤ ያወጣው የፍሎሬንስ ተወላጅ የሆነው የዕፅዋት ተመራማሪ ፒየር አንቶኒዮ ሚኬሊ ሻጋታውን በአጉሊ መነጽር ሲያየው በቤተ ክርስቲያን ጸበል የሚረጭበትን ዕቃ መሰለው፤ ስሙም ከዚያ ተወሰደ። ውኃ በመርጫ ስም የተጠራ ሻጋታ ነው እንግዲህ። ዛላው እንዳይሰባበርና ሚዛን እንዲያነሣ በርበሬ ላይ ውኃ የሚረጩ ሰዎችን ባየሁ ቁጥር ይህ ስም ትዝ ይለኛል።

የሻጋታው መርዝ የታወቀው ግን በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ተርኪ የሚባሉት ትላልቅ የፈረንጅ ዶሮዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100,000 በላይ ሞቱ። ምክንያቱ ሲፈለግ ከብራዚል የመጣ የኦቾሎኒ መኖ ሆኖ ተገኘ፤ መኖው ውስጥ ሻጋታው የተወው መርዝ ነበር። ስሙንም ከሻጋታው ስም ወስደው አፍላቶክሲን አሉት። በሰው ላይ ያመጣው እልቂት ከተመዘገበባቸው ሩቅ ካልሆኑ ቦታዎች አንዱ ጎረቤታችን ኬንያ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በምሥራቃዊው ክፍሏ የሻገተ በቆሎ ከበሉት መካከል 317 ሰዎች ታመው 125 ሞተዋል።

እንዲህ ያለ ድንገተኛ ሞት ግን ጥቂቱ ነው። ብዙው ጉዳት በዝግታ የሚመጣ ነው። ጉበታችን ወደ ሰውነት የገባን ባዕድ ነገር ለማስወገድ ይለውጠዋል፤ አፍላቶክሲንን ሲለውጠው ግን ከመጀመሪያው የባሰ ቁራሽ ያወጣል፤ ያም ቁራሽ በሴሉ የዘር መልእክት ላይ ይጣበቃል። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጡ ሁለት ጥናቶች በቻይናና በደቡባዊ አፍሪካ በጉበት ካንሰር በተያዙ ሰዎች ዘንድ ፒ53 በሚባለው፣ የሴልን ዕድገት በሚጠብቀው ዘር ላይ፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ቦታ የደረሰ ጉዳት አገኙ። መርዙ የጣት አሻራውን ትቶ እንደ ሄደ ያህል ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እናቶቼ እንድትይዙልኝ የምሻው ቀጥሎ ያለውን ነው። በሻንጋይ ብዙ ሺህ ወንዶችን በመከታተል የተደረገ ጥናት ነበር። አፍላቶክሲን በሰውነቱ የተገኘበት ሰው በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ካልተገኘበት ሰው 3.4 እጥፍ ሆነ። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ያለበት ሰው 7.3 እጥፍ ሆነ። ሁለቱም ያሉበት ሰው ግን ወደ 59 እጥፍ ገደማ ደረሰ። ሁለቱ ጠላቶች ሲገናኙ አይደመሩም፤ ይባዛሉ። በአገራችን ሄፓታይተስ ቢ ብዙ ሰው ላይ ያለ ቫይረስ ነው፤ የሕፃናት ክትባቱ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ከሌሎች ጋር ተጣምሮ በየጤና ጣቢያው ይሰጣል። ስለዚህ ልጅን ማስከተብ ከበርበሬም ጋር የተያያዘ ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ከተማችን ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሀብታሙ ፉፋና ቀልቤሳ ኡርጋ የተባሉ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በአዲስ አበባ የተገዙ የሽሮና የተፈጨ በርበሬ ናሙናዎችን መርምረው ውጤቱን በአገራችን የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። ከሽሮው 8.33 ከመቶ፣ ከበርበሬው 13.33 ከመቶ አፍላቶክሲን ተገኘበት። አብዛኛው ንጹሕ ነበር፤ ይህን መናገር ለነጋዴውም ፍትሕ ነው። ነገር ግን በተገኘበት በርበሬ ላይ መጠኑ በአንድ ኪሎ ከ250 እስከ 525 ማይክሮግራም ነበር። ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው፤ በጣም ጥቂት ይመስላል። የአውሮፓ ኅብረት ለበርበሬ የፈቀደው የዋነኛው አፍላቶክሲን መጠን ግን በኪሎ 5 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ልዩነቱን እናንተው አስሉት። ጥናቱ የቆየ ነውና የዛሬውን ገበያ ይገልጻል ብዬ አልከራከርበትም። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሰፈር የሚያልፈው በርበሬ መጠን እጅግ ማደጉን ግን ሁላችንም እናያለን።

በወተትም በኩል የተደረገ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 እና 2015 በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች በሁሉም ላይ አፍላቶክሲን ተገኝቷል፤ ከአራቱ አንድ በላይ የሚሆኑትም በሊትር ከ0.5 ማይክሮግራም አልፈዋል። የተጠረጠረው የኑግ ፋጉሎ ነው። ላሟ የበላችውን መርዝ ለውጣ በወተቷ ትሰጣለች። ስለዚህ «የሻገተውን ለከብት» የሚለው ልማድ መርዙን በሌላ በር ወደ ሕፃኑ ጽዋ ያስገባዋል።

በርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት ስለመጨመር በየጊዜው እንሰማለን፤ አሳፋሪ ነገር ነው፤ ሆኖም በወንፊትም፣ በውኃ ብርጭቆም፣ በጥርስም ይታወቃል። አፍላቶክሲን ግን ቀለም፣ ሽታና ጣዕም የለውም። እሳትስ? መርዙ የሚፈርሰው ከ200 ዲግሪ በእጅጉ በላይ በሆነ ሙቀት ነው። የወጥ ድስት ከ100 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም። በምጣድ ማመስም ከፊሉን ቢቀንስ እንጂ አያጠፋውም። ሻጋታው ይሞታል፤ የተወው መርዝ ግን ይቀራል። አያቴ እውነት የተናገሩት ስለ ሻጋታው ነበር፤ ስለ መርዙ ግን አልነበረም።

ታዲያ መከላከያው ከየት ይምጣ? ከውኃው ነው። እዚህ ላይ የማር ምሳሌ ይረዳናል። በማር ውስጥ ውኃ አለ፤ ነገር ግን ማር ለዓመታት አይበላሽም። ውኃው በስኳሩ ስለ ተያዘ ለረቂቅ ሕይወት አይደርሰውም። ያንኑ ማር በውኃ በጥብጡትና ጌሾ ጨምሩበት፤ በጥቂት ቀናት ይፈላል፤ ጠጅ ይሆናል። ዋናው ጥያቄ ስንት ውኃ አለ የሚለው ሳይሆን ስንቱ ነጻ ነው የሚለው ነው። ሳይንቲስቶች ይህን ነጻነት ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር ይለኩታል፤ ንጹሕ ውኃ 1 ነው። ጨው እስኪጠግብ የሟሟበት ውኃ 0.75 ገደማ ነው። አስፐርጂለስ ፍላቩስ ከ0.80 ገደማ በታች ማደግ ያቅተዋል። ስለዚህ ዛላው ከ0.70 በታች እስኪደርስ ከደረቀና እንደዚያው ከቆየ አዲስ መርዝ አይጨመርበትም። የምርመራው ሁሉ ጭብጥ ይህ ነው።

አሁን ስለ ፕላኔቶች ጥናት ቃሌን ልጠብቅ። ይህ ቁጥር ሰማዩንም የሚመለከት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በቬኑስ ደመና ውስጥ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ታይቷል፤ ምናልባትም ሕይወት ያመነጨው ይሆናል ተብሎ ብዙ ተወራ። በማግሥቱ ዓመት በቤልፋስት በሚገኘው የኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ በጆን ሆልስወርዝ የተመራ ቡድን በቀላል ጥያቄ መጣ፤ በዚያ ደመና ያለው ውኃ ምን ያህል ነጻ ነው? መልሱ ከ0.004 አይበልጥም የሚል ሆነ። በምድር ላይ በጣም በደረቀ ነገር ላይ መኖር የሚችለው የታወቀ ፍጡር የሚጠይቀው 0.585 ነው። ማርስንም ሲያሰሉ ከዚያ ጥቂት ዝቅ ብሎ 0.537 አገኙ። ያን 0.585 የሚለውን ድንበር ያስቀመጠው ፍጡር ማን ይመስላችኋል? አስፐርጂለስ ፔኒሲሊዮይደስ የሚባል ሻጋታ ነው፤ አፍላቶክሲን የማያመነጭ፣ ግን የበርበሬያችን ሻጋታ የቅርብ ዘመድ። የሰማይ ደመና ለኑሮ ይመች እንደሆነ የተለካው በሻጋታ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ሰዎች ወደ አገራችንም ይመጣሉ። ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ገደማ በሆነው የአፋር የጨው ሜዳ ላይ ያለውን ዳሎልን ታውቁታላችሁ፤ አሞሌ ጨው እየተቆረጠ በግመል ይወጣበት የነበረው አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በፌሊፔ ጎሜዝ የተመራ ቡድን በዚያ ከፈላ አሲድና ጨው መካከል እጅግ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች አገኘሁ አለ። በዚያው ዓመት በፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ-ጋርሲያ የተመራ ሌላ ቡድን ደግሞ ለሦስት ዓመታት ናሙና ሰብስቦ፣ በአካባቢው ባሉ ለዘብ ባሉ ኩሬዎች ብዙ ሕይወት ቢያገኝም፣ በጣም ከባድ በሆኑት ኩሬዎች ምንም የለም አለ፤ የታየ የዘር ምልክት ቢኖር ጎብኚው ሰውና ነፋሱ ይዞት የመጣ ነው ሲል አስረዳ። ውኃ ሞልቶ ሳለ በማግኒዚየም ጨው ስለ ታሰረ ሕይወት አይጠጣውም። ክርክሩን እኔ ልዳኝ አልችልም፤ ሁለተኛው ቡድን ከናሙናው ውስጥ የእጁን ቆሻሻ ለመለየት የደከመው ድካም ግን ያሳምነኛል።

ወደ ጆንያችን እንመለስ። ማሳው ላይ ገበሬው ዛላውን ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ቢያሰጣው ጤዛና አፈር አያገኙትም። ናይጄሪያ ውስጥ መርዝ የማያመነጩ የዚሁ ሻጋታ ዝርያዎች በበቆሎና በኦቾሎኒ ማሳ ላይ ተበትነው መርዘኛውን ቦታ ሲያሳጡት ታይቷል፤ እኛ ግን ዛሬ በእጃችን ባለው ነገር እንጀምር። መጋዘን ውስጥ ጆንያውን ከግድግዳ አርቆ በእንጨት ርብራብ ላይ መደርደር፣ ክረምት ሲገባ ጣራውን ማየት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የገባበትን ድልዝ ሳያሳድሩ ፀሐይ ላይ በስሱ ማስጣት፤ እነዚህ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም። ውኃ መርጨቱ ግን ይቅር። በመርጨት የሚገኘው የሚዛን ትርፍ ለዚያ ሻጋታ የሚከፈል ቀለብ ነው።

ከባዱ የግራው ክምር ነው። መርዙ በጆንያው ውስጥ እኩል አይሠራጭም፤ በጥቂት ዛላዎች ላይ ይከማቻል። ስለዚህ የለቃሚ እናቶች እጅ የትኛውም ማሽን በቀላሉ የማይተካው መከላከያ ነው፤ የግራው ክምር ተመልሶ ወፍጮ ከገባ ግን ልፋታቸው ሁሉ ከንቱ ነው። የተለቀመው መልሶ በርካሽ ሲሸጥ የሚገዛው በሻይ ማንኪያ ልክ በፌስታል የሚገዛው ሰው ነው፤ ሌላ ምርጫ የለውምና። ነጋዴው «ኪሳራውን ማን ይክፈለኝ?» ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ የማምንበት የግራው ክምር ዋጋ በቀኙ ክምር ላይ ተጨምሮ፣ የተለቀመ በርበሬ በተለቀመ ዋጋ እንዲሸጥና ለቃሚዎችም በገንዘብ ብቻ እንዲከፈላቸው ነው። በሻገተ ዛላ የሚከፈል ደመወዝ ይቅር። ይህ በእኔ ቤት የተበላ ነውና ድምፄ ከፍ ቢል ይቅርታ አድርጉልኝ።

አንድ ሥራ ቀርቶናል። የበቆሎ ገበሬዎች በየአገሩ የሚጠቀሙበት ቀላል ፈተና አለ። ደረቅ ጠርሙስ ሲሶው ድረስ በተሰባበረ ዛላ ይሞላል፤ ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ይጨመርበታል፤ ተከድኖ ጥቂት ደቂቃ ይናወጣል፤ ከዚያ ሩብ ሰዓት ይቀመጣል። ጨው ከ0.75 በላይ ነጻ ውኃ ባለበት ይረጥባል፤ ከዚያ በታች ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ በርበሬው ገና ፀሐይ ይፈልጋል። ካልተጣበቀ ለጎተራ ደርሷል። ፈተናው ቀድሞ የገባ መርዝን አያሳይም፤ አዲስ እንዳይገባ ግን ይነግራል። ዓለም ስለ ማርስ የሚጠይቀውን ጥያቄ በሁለት ማንኪያ ጨው መጠየቅ ነው።

ስትገቡ ከየመጋዘናችሁ አንድ አንድ እፍኝ ዛላ እንድትይዙ ተነግሯችሁ ነበር። ጠርሙሶቹና ጨው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። በየጠርሙሱ ላይ ስም አይጻፍም፤ ቁጥር ብቻ ይለጠፋል። ከፊት ያላችሁት እናቶች ቀድማችሁ ብትመጡ።